ማዕከላዊ የታካሚ መቆጣጠሪያ በትናንሽ ከተሞች ሆስፒታሎች፦ ለአላርሙ መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

ይህ ጽሑፍ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ያነሣል። የስድስት ወይም የስምንት ታካሚዎችን የልብ ምት፣ የኦክስጅን ሙሌትና የደም ግፊት በአንድ ስክሪን ሰብስቦ የሚያሳይ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ በአንድ ሆስፒታል ሲተከል፣ አላርሙ በጮኸ ጊዜ ተነሥቶ ወደ አልጋው የሚሄደው ማን ነው? የመሣሪያው መመሪያ ለዚህ መልስ የለውም፤ የግዥ ሰነዶችም ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም። እኔ ግን የመሣሪያው ደኅንነት ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ መልስ ላይ የቆመ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን በሚቀጥሉት ገጾች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጥያቄው ከመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የመጣልኝ አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት በምዕራብ ሐረርጌ፣ በሂርና ነው። ሂርና የቱሎ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጭሮ በኩል ወደ ሐረር በሚዘልቀው ተራራማ መንገድ ላይ ትገኛለች። በእኛ አካባቢ ሰው የበሽታን ክብደት በመንገድ ርዝመት ይለካዋል። «ወደ ጭሮ ሪፈር ተጻፈለት» ሲባል ቤተሰብ ይጨነቃል፤ «ወደ ሐረር» ሲባል ጎረቤት ገንዘብ ማዋጣት ይጀምራል። በባዮሜዲካል ምሕንድስና የማስተርስ ትምህርቴን ስጀምርም ማንኛውንም የሕክምና መሣሪያ የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነበር፦ ይህ ዕቃ አንድ ሰው ያን መንገድ ሳይጓዝ እዚያው እንዲድን ያግዛልን?

በአገራችን የጤና አገልግሎት አወቃቀር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ፣ አንድ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ፣ አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና የሚያዋልድ፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናም የሚሰጥ ተቋም ነው። ስለዚህ በትንሽ ከተማም ቢሆን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለችው የመጀመሪያ ሌሊት የምታስፈራ ሌሊት ናት። ደም የሚፈሳትን እናት፣ ትንፋሹ የሚደክመውን ሕፃን አንድ ሰው ነቅቶ ሊጠብቃቸው ይገባል። ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ የሚፈለገው ለዚህች ሌሊት ነው።

መሣሪያውና አብሮት የተወለደው ሥርዓት

አሠራሩን በአጭሩ ላስታውስ። በየአልጋው ራስጌ ያለው ሞኒተር ከታካሚው ደረት፣ ጣትና ክንድ መረጃ ይሰበስባል፤ መረጃው በኬብል ወይም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ነርሶች ክፍል ይተላለፋል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ሁሉንም አልጋዎች ጎን ለጎን ያሳያል፣ ከተወሰነው ገደብ ያለፈ ነገር ሲያይ ይጮኻል፣ ያየውንም ይመዘግባል። የሚያደርገው ይህን ያህል ነው። ኦክስጅን አይከፍትም፤ የታካሚ ጎን አያገላብጥም፤ ሐኪም አይጠራም።

የዚህን ሥርዓት አመጣጥ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የልብ ሕሙማንን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በኢሲጂ ያለማቋረጥ የመከታተል ሐሳብ በግልጽ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዛዊው ሐኪም ዴዝመንድ ጁሊያን ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሂዩዝ ዴይ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው ቤተኒ ሆስፒታል 11 አልጋ ያለው ክፍል ከፈተ። ጁሊያን በሐሳቡ ውስጥ ከስክሪኑ እኩል ቦታ የሰጠው አንድ ሌላ ነገር ነበር፦ ነርሶች ሠልጥነው ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠብቁ የልብ መቆምን ማከም እንዲጀምሩ። መሣሪያውና ሥልጣኑ አብረው ተወለዱ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ መሣሪያው በሣጥን ይመጣል፤ ሥልጣኑ ግን በሣጥን አይመጣም።

የሚጮኽና የማይሰማ

አላርም ሲበዛ ጆሮ ይለምደዋል። ይህ የአንድ አገር ነርሶች ስንፍና አይደለም፤ በመላው ዓለም የታወቀ ችግር ነው። በአሜሪካ የሆስፒታሎችን ብቃት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ድረስ ከአላርም ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት እንደተደረጉለትና ከእነዚህ ውስጥ 80ዎቹ በሞት እንደተደመደሙ ገልጿል። በዚሁ ሰነድ ላይ ከሚሰሙት አላርሞች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና ርምጃ የማያስፈልጋቸው እንደሆኑ ተጠቅሷል። ከመቶ ጥሪ ሰማንያ አምስቱ ከንቱ ከሆነ፣ የቀሩትን አሥራ አምስት ለይቶ መስማት ለማንም ሰው ከባድ ነው።

ለተግባር ልምምድ በቆየሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል ያየሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ማዕከላዊው ስክሪን በነርሶች ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሌሊት የምትቀመጥበት አንዲት ነርስ ነበረች፤ ይህችው ነርስ ለዋርዱ ሁሉ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግሉኮስ ትቀይራለች፣ አዲስ ታካሚ ትቀበላለች። እርሷ ከክፍሉ ስትወጣ ስክሪኑ ለባዶ ወንበር ይጮኻል። አልጋው አጠገብ የሚቀመጠው አስታማሚ ደግሞ ጩኸቱ ሕመምተኛውን እንዳይረብሸው ብሎ ድምፅ ማጥፊያውን ይጫናል። ቁልፉ በብዙ ሞኒተሮች ላይ ድምፁን ለ2 ደቂቃ ያህል ብቻ ያቆማል፤ ነገር ግን በየ2 ደቂቃው የሚጫን ትጉህ ልጅ ካለ አልጋው ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ያድራል። ልጁ በአባቱ ላይ ክፉ አላሰበም። ቁልፉ ምን እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ የነገረው ሰው የለም። በአካባቢያችን ብዙው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ በሞኒተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነው።

ከንቱ አላርሞች ከየት እንደሚመጡ ስከታተል ያገኘሁት ምንጭ እጅግ ርካሽ ዕቃ ነበር፦ ኤሌክትሮድ። ደረት ላይ የሚለጠፈው ኤሌክትሮድ ጄሉ ሲደርቅ ወይም ቆዳው ላብና ቅባት ሲኖረው የልብ ምቱን መስመር ያንቀጠቅጠዋል፤ መሣሪያውም መንቀጥቀጡን የልብ ሕመም አድርጎ ይቆጥረዋል። ዕቃው ስለሚያጥር አንዱ ኤሌክትሮድ በፕላስተር እየተደገፈ ለቀናት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ነርሶች ጥናት ኤሌክትሮድን በየቀኑ መቀየር ብቻ በተጠኑት ሁለት ክፍሎች አላርሙን በ46 በመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል። እንግዲህ ውድ የሆነውን ማዕከላዊ ስክሪን ገዝቶ የኤሌክትሮድ በጀት አለመያዝ፣ በሬ ገዝቶ ቀንበር እንደመርሳት ነው።

ከሣጥኑ ጋር የማይመጡ ነገሮች

የሰው ምደባ ዋናው ነገር ቢሆንም፣ ተረኛው ነቅቶ እያለም ስክሪኑ ሊያሳስተው የሚችልባቸው መንገዶች አሉ። ለአካባቢያችን በተለይ የሚመለከቱ ናቸው ያልኋቸውን ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ነርሷ በታካሚው ካርድ ላይ «ጥር 5 ቀን 2016፣ ከሌሊቱ 8:40» ብላ የጻፈችውን ቅጽበት መሣሪያው «14-01-2024፣ 02:40» ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ የሚመጣው አንዱ የአልጋ ሞኒተር በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ፣ ማዕከላዊው ደግሞ ከፋብሪካው በወጣበት ሰዓት ተስተካክለው ሲገኙ ነው። ሞኒተሩ 24 ሰዓት የሚቆጥር ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ «8:40» ለእርሱ ሁልጊዜ የጠዋት ሰዓት ነው፤ የቀኑ 8:40 ይሁን የሌሊቱ አይለይም። አንድ ታካሚ ሌሊት ሞቶ ጠዋት ምክንያቱ ሲመረመር፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የልብ ምቱ የወደቀው የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር አስተካክሎ፣ ማመሳከሪያውን ሠንጠረዥ ከስክሪኑ አጠገብ መለጠፍ ነው።

ሁለተኛው ስም ነው። በሐረርጌ በአንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት መሐመድ አሕመድ ወይም ሁለት ፋጡማ መገኘት የተለመደ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ሲሞላ አንዱ ጸሐፊ በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል፤ በኦሮምኛ አጻጻፍ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ከዚህ የባሰው፣ ታካሚው ሲወጣ ከስክሪኑ ላይ ሳይሰረዝ ቀርቶ አዲሱ ታካሚ በቀድሞው ስም፣ በቀድሞው የአላርም ገደብና በቀድሞው የዕድሜ ምድብ ሲቀጥል ነው። ለአዋቂ የተዘጋጀ ሞኒተር ጨቅላ ሕፃን ላይ ሲደረግ የሕፃኑን ጤናማ የልብ ምት አደጋ ነው ብሎ ይጮኻል፤ የደም ግፊት መለኪያውም ለሕፃን ክንድ በማይገባ ኃይል ይነፋል። ስለዚህ የካርድ ቁጥርና የአልጋ ቁጥር ከስም ጋር ሁልጊዜ አብረው መጻፍ አለባቸው፤ ታካሚ ሲወጣም ከስክሪኑ መሰረዝ አልጋውን እንደማጽዳት የግዴታ ሥራ መሆን አለበት።

ሦስተኛው የእርዳታ ዕቃ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ነጩ የኢሲጂ ገመድ የቀኝ ክንድ፣ ቀዩ የግራ እግር ነው፤ በአውሮፓው ሥርዓት ግን ቀዩ የቀኝ ክንድ ነው፣ ለግራ እግር የሚሆነው አረንጓዴው ነው። ከሁለቱም አህጉራት በልገሳ የመጡ ሞኒተሮች በአንድ ክፍል ሲገኙ፣ ቀለሙን በቃል ያጠናች ነርስ በአንዱ ላይ ትክክል፣ በሌላው ላይ የተዛባ መስመር ታያለች። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ በመሆኑም ማጣሪያው ያልተስተካከለ ሞኒተር የመብራቱን ንዝረት ከልብ ምቱ ጋር ቀላቅሎ ያሳያል። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የ16 አገሮችን የዕቃ ዝርዝር መርምረው ከ112,040 የሕክምና መሣሪያዎች 38.3 በመቶው አገልግሎት የማይሰጡ መሆናቸውን አግኝተዋል። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው፣ «ይሠራል» ተብለው ከተቆጠሩት መካከል በተሳሳተ ማስተካከያ የሚሠሩት በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ እንደማይታዩ ነው።

አራተኛው መብራት ነው። የአልጋ ሞኒተር ብዙ ጊዜ የራሱ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲጠፋም ይቀጥላል። ማዕከላዊው ኮምፒውተርና ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊች ግን ባትሪ የላቸውም። ስለዚህ ጄኔሬተር እስኪነሣ ባለው ጊዜ አልጋዎቹ እያዩ፣ የነርሶቹ ክፍል ታውሮ ይቆያል። ኮምፒውተሩን በዩፒኤስ ላይ አድርጎ ከጣሪያ ሥር የተደበቀውን ትንሽ ስዊች መርሳትም በተግባር ያየሁት ነገር ነው።

አምስተኛው ጣት ነው። ፐልስ ኦክሲሜትር ቀይና ከቀይ በታች የሆነ የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ የኦክስጅን ሙሌትን ይገምታል። በአካባቢያችን ሙሽራም፣ ወላድም፣ የበዓል እንግዳም ሂና ትቀባለች። ቀዩ ሂና ብዙም ባያውክ፣ ጥቁሩ ሂና ብርሃኑን ሊያግድ እንደሚችል በጥናት ታይቷል፤ እንዲህ ሲሆን መለኪያውን ወደ ጆሮ ጫፍ ወይም ሂና ወዳልነካው ጣት ማዛወር ይገባል። የቆዳ ቀለምም ራሱ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየበት ጊዜ የደም ምርመራው ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጭ ታካሚዎች 3.6 በመቶ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። ስክሪኑ 93 ሲል፣ ታካሚው ግን ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ማመን የሚገባን ታካሚውን ነው።

በመጨረሻ የኔትወርክ ደኅንነትን በአጭሩ ልጥቀስ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ኮንቴክ ሲኤምኤስ8000 በተባለው ሞኒተር ውስጥ ከውጭ ለመግባት የሚያስችል የተደበቀ በር መገኘቱን አስጠንቅቋል። የርቀት ክትትል ለማያስፈልጋቸው ተቋማት የሰጠው ምክር የኔትወርክ ገመዱን መንቀልና ገመድ አልባውን ማጥፋት ነበር። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የሞኒተሮቹ ኔትወርክ ከሆስፒታሉ ኢንተርኔት ጋር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።

መግዛት ወይስ አለመግዛት

በልምምዱ ጊዜ አንዲት የረጅም ዓመት ልምድ ያላቸው ሲስተር ከባድ ተቃውሞ አቅርበውልኝ ነበር። በእርሳቸው አስተያየት፣ ስክሪኑ ከመምጣቱ በፊት ነርስ የታካሚን ሁኔታ የምታውቀው እጁን ይዛ፣ ላቡን አይታ፣ ከአስታማሚው ጋር ተነጋግራ ነበር፤ አሁን ወጣቶቹ ነርሶች ቁጥሩ ደኅና ከሆነ ታካሚው ደኅና ነው ብለው ከወንበራቸው አይነሡም። ይህን እንደ አሮጌ ትውልድ ቅሬታ አልቆጠርሁትም። ከላይ የዘረዘርኋቸው ችግሮች ሁሉ የሚታወቁት አልጋው አጠገብ በቆመ ሰው ነው፦ የደረቀ ኤሌክትሮድ፣ የተሳሳተ ስም፣ ሂና የተቀባ ጣት፣ ቁልፍ የሚጫን ልጅ። ስክሪኑ ራሱ አንዱንም አይናገርም።

ይሁንና የእርሳቸውን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አልከተልም። አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ በስምንት አልጋዎች አጠገብ መቆም አትችልም። በሌላኛው ጫፍ ያለው ታካሚ ልቡ ሲደክም ያለ መሣሪያ የሚያውቅላት የለም። ስለዚህ የእኔ አቋም በሁኔታ የታሰረ ነው። በሌሊት ፈረቃ አላርሙን ለመስማትና ለመመለስ የተመደበ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ የማይሰጠው ሰው ማቆም የሚችል ሆስፒታል ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ይግዛ። ይህን ማድረግ የማይችል ሆስፒታል ግን አይግዛ፤ በገንዘቡ ተጨማሪ የአልጋ ሞኒተሮችን፣ የዓመት ኤሌክትሮድና ባትሪ ይግዛበት፤ የጠናባቸውንም ታካሚዎች ነርሷ ከምትቀመጥበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያስተኛ። አልጋን ማቅረብ ከስክሪን መስቀል የሚሻልበት ጊዜ አለ። ከልገሳ የመጣ ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ቢሆንም ይኸው መመዘኛ ይሠራል፤ በነፃ የመጣ ስክሪን ለባዶ ወንበር ቢጮኽ፣ ቤተሰቡ «ታካሚያችን እየተጠበቀ ነው» ብሎ አምኖ ይተኛል፤ ጠባቂ ግን የለም።

የተመደበ ሰው ስል ስሙ በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ማለቴ ነው። ፈረቃ ሲቀየር ወጪው ለገቢው በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያስረክብ፦ አላርሙን የሚመልሰው ማን ነው፤ እርሱ ለደቂቃዎች ቢወጣ የሚተካው ማን ነው፤ ቀይ አላርም ሲሆን የሚጠራው ሐኪም ማን ነው፤ ሐኪሙ እስኪመጣ ነርሷ ምን ምን ለማድረግ ተፈቅዶላታል፤ የየትኛው ታካሚ ገደብ ተቀይሯል፣ በማን ፊርማ። አስታማሚውም በኦሮምኛና በአማርኛ አንድ ነገር ይነገረው፦ ይህን ቁልፍ አትጫን፤ ሲጮኽ ነርሷን ጥራ። እንዲህ ሲሆን አስታማሚው ዝምታ የሚፈጥር እጅ መሆኑ ይቀርና ለነርሷ ሁለተኛ ጆሮ ይሆናታል። በሐረርጌ አንድ ሕመምተኛ ብቻውን ተኝቶ ማየት ብርቅ ነው፤ ይህን የሰው ሀብት ከሥርዓቱ ውጭ ማድረግ ኪሳራ ነው።

በዚህ ምክንያት የመመረቂያ ጥናቴ በአዲስ የአላርም ሶፍትዌር ላይ አልሆነም። የማጠናው ይህ የርክክብ ቅጽ በአንድ ወረቀት ተዘጋጅቶ በሥራ ላይ ሲውል፣ አላርም ከጮኸበት ጊዜ አንሥቶ ሰው አልጋው አጠገብ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ያሳጥር እንደሆነ ነው። የጊዜው መነሻ ከመሣሪያው መዝገብ፣ መድረሻው ከተመልካች ሰዓት ስለሚወሰድ የመጀመሪያ ሥራዬ የሁሉንም ሞኒተሮች ሰዓት ማስተካከል ይሆናል። በሌሎች ዞኖች ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ባልደረቦች ካላችሁ፣ አንድ ዓይነት ቅጽና አንድ ዓይነት የጊዜ አለካክ ብንጠቀም ውጤቶቻችንን ማነጻጸር እንችላለን። አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብቻውን የሚሰጠው መረጃ ጥቂት ነው፤ የአሥሩ ተደምሮ ግን ማዕከላዊ መቆጣጠሪያ ከመግዛቱ በፊት ስንት ሰው መመደብ እንዳለበት ለሚወስን አካል በቂ መነሻ ሊሆን ይችላል።